ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ

አስተማሪዋ መኝታ ክፍሏ ወለል ላይ በጎኗ ወድቃ ነበር። አልጋው ላይ የተማሪዎች ደብተር ተከምሯል። ግማሹ ታርሟል፣ ግማሹ አልታረመም።

ያገኘቻት ልብስ ሰፊዋ ናት። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ቤት፣ በአንድ ኩሽና አብራት የኖረች ጓደኛዋ። ጎረቤቱ «መንትዮቹ» ይላቸዋል። መልካቸው አይገናኝም፤ ግን አንዷን ያለ ሌላዋ ያየ ሰው የለም።

መርማሪው ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። ወፍራም ሰው ነው፤ የሱሪውን ወገብ በዓመት ሁለቴ ያስለቅቃል። ባልደረቦቹ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሲስቅም ግን ዓይኑ ሥራ አይፈታም።

ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማለች። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ታማ ነበር?» አላት።

«ስምንት ወር ሙሉ ስትከሳ ነበር። እናቷም እንዲሁ ከስተው ነው የሞቱት። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት አሻፈረኝ አለች።»

«የሚጣላት ሰው ነበር?»

አንገቷን ደፋች። መልሱ የከበዳት መሰለ። ከዚያ ግን አወጣችው።

«እጮኛዋ ነበረ። ቀለበቱን ከመለሰችለት ሦስት ወር ሆነው። ከትናንት ወዲያ በር ላይ ሲጮኽባት ሰምቻለሁ። በፌስታል የሆነ ነገር ሰጥቷት ሄደ።»

እጮኛው መሬት ቀያሽ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሥራው ላይ አመጡት፤ ጫማው ጭቃ እንደያዘ።

«ምን ሰጠሃት?»

«ብርቱካን።»

«ለምን ጮኽክባት?»

«ታከሚ ብዬ ነዋ። ሴትየዋ ‹እኔ ሟች ነኝ፣ ሌላ አግባ› ስትልህ ዝም ትላለህ?»

«እውነት ከስታ ነበር?»

ቀያሹ አሰበ። «ልብሷ እላይዋ ላይ ይዋኝ ነበር። እጇን ስይዘው ግን ያው የማውቀው እጅ ነው። እኔም ግራ ገባኝ።»

በሦስተኛው ቀን የሐኪሙ ውጤት መጣ። ልቧን ያቆመው ኃይለኛ መድኃኒት ነው፤ ደሟ ውስጥ ከልክ በላይ ተገኝቷል። ጣቢያው ውስጥ «በቃ፣ ሰውየው መርዟታል» ተባለ። ከመጣበት ቀን ጀምሮ የታሰረው ቀያሽ አልተፈታም።

መርማሪው ግን የውጤቱን የመጨረሻ መስመር ደጋግሞ አነበበ። አስከሬኑ ሌላ በሽታ የለበትም። ክብደት፣ ስድሳ ሁለት ኪሎ።

ትምህርት ቤቷ ሄደ። የዓምናው የጤና ካርዷ ላይም ስድሳ ሁለት ኪሎ ይላል። ዘንድሮ ሚዛን ላይ አልወጣም ብላ ነበር፤ ፈርታ፣ አለች የትምህርት ቤቱ ነርስ። ስምንት ወር የከሳች ሴት አንድ ኪሎ አልጎደለችም። እንዲህ ያለ ክሳት መርማሪው ለራሱም በወደደው ነበር።

ከዚያ የአስተማሪዋን መሳቢያ አስከፈተ። ሲመለስ ኪሱ ውስጥ አንድ ፖስታ ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋን ያገኛት የልብስ መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ ነው። አትሠራም፤ ተቀምጣለች። መርማሪው የሟቿን ሰባት ቀሚሶች ከቁም ሳጥን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው።

«እነዚህን ማን ሰፋቸው?»

«እኔ። ሁሉንም ልብሷን እኔ ነኝ የምሰፋላት።»

«የሚተኩስላትስ?»

«እኔ።»

ሰማያዊውን ቀሚስ ገለበጠው። የጎኑ ስፌት ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ጨርቅ አለው።

«እህቴ፣ እኔ ሱሪ የማስለቅቅ ሰው ነኝ። ስፌት ሲፈታ የድሮው የመርፌ ቀዳዳ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይኸውልሽ፣ የመጀመሪያው መስመር። ከሱ አልፎ ወደ ጫፉ አምስት መስመር አለ፤ አንዱ ካንዱ የሚርቀው በትንሹ ነው። ሰባቱም እንዲሁ ናቸው። እሷ አልከሳችም። ልብሷን ነው በየጊዜው የለቀቅሽው።»

ቀሚሱን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አጠፈችው።

«ሰውየው ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል» አለ መርማሪው። «በመርዝ።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ መጠቅለል ጀመረች። ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው።

«እሱ ምንም አላደረጋትም» አለች። «ሌላ ከተማ ሊወስዳት ነበር፤ ጥፋቱ እሱ ብቻ ነው። እኔ ማን አለኝ? አባት የለኝ፣ እናት የለኝ። መጀመሪያ አንድ ቀሚስ ነው የለቀቅሁት። መስታወት ፊት ቆማ ‹ከሳሁ እንዴ?› አለችኝ። ‹ትንሽ› አልኳት። በቃ፣ ትንሽ ብቻ ነው ያልኩት። የቀረውን ፍርሃቷ ጨረሰው። የዚያን ቀን ከአጠገቤ አልራቀችም። እጄን ይዛ ‹እንዳትተይኝ› አለችኝ። እኔን እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

«ሐኪም ቤት እምቢ አለች ብለሽኝ ነበር።»

«ልሂድ ብላ ነበር። ‹ለእናትሽስ ምን ፈየዱላቸው?› ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።»

መርማሪው ሰማያዊውን ቀሚስ በጣቱ ነካ። «ክሩ አሁን ያለው ግን በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። አዲስ ክር።»

«አልቻልኩማ!» አለች። «ቀለበቱን መለሰች፤ የፈለግሁት ሆነ። ግን በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ የእናቷን ፎቶ ይዛ ትቀመጣለች። እህል አልወርድ አለኝ። ልንገራት ብል አፌ ተሳሰረ፤ ነግሬያት እንዴት ዓይኔን ታያለች? ስለዚህ ዝም ብዬ ጥፋቴን ላርም አልኩ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አጠበብኩት። ‹እየዳንኩ ነው መሰለኝ› ማለት ጀመረች። ባለፈው ሳምንት ኩሽና ውስጥ ስታንጎራጉር ሰማኋት። እግዜር ይቅር ያለኝ መስሎኝ ነበር።»

መርማሪው ፖስታውን አወጣ። ውስጡ ስም የሌለው የክኒን ጠርሙስና ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነበር።

«ይህን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ከክሳት የሚያድን መድኃኒት ነው ብሎ አንድ ሻጭ በድብቅ ሸጦላታል። ይዘነዋል። በቀን አንድ ብያት ነበር ይላል። አንድ አንድ ቢሆን ልቧ ይችለው ነበር ይላል ሐኪሙ።»

ደብተሩን ገለጠ። ጽሕፈቱ የአስተማሪ ነው፣ ቀጥ ያለና ንጹሕ። ሊሰጣት ፈልጎ ነበር፤ እጇ ሜትሩን ሲጠቀልልና ሲፈታ አይቶ ራሱ አነበበው።

«‹ሁለተኛ ሳምንት። ለውጥ የለም።› እዚህ ላይ ደግሞ፣ ‹ዛሬ ሰማያዊው ቀሚስ ወገቤን ያዘኝ። መድኃኒቱ ሠራ። ከነገ ጀምሮ ሁለት እውጣለሁ።›»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን መጠቅለል ተወች።

«‹አረንጓዴውም ልኬ ሆነ። ከነገ ጀምሮ አራት። ለጓደኛዬ አልነገርኳትም፤ ድኜ ድንገት ላስደስታት። ስንቱን ችላኛለች።›»

መንገድ ላይ መኪና ጥሩንባውን ነፍቶ አለፈ።

«ቀሚሶቹን ሰፊ እንደሆኑ ብተዋቸው ኖሮ» አለች በመጨረሻ፣ «አንድ ብቻ ነበር የምትውጠው?»

መርማሪው መዋሸት ፈለገ። ሠላሳ ዓመት ሲዋሹት የኖረ ሰው ነው፤ አንዲት ውሸት አጣ።

«አንድ ብቻ።»

ጣቢያ ወሰዳት። ቃሏን በስድስት ገጽ ሰጠች፤ እያንዳንዱን ቀሚስ፣ እያንዳንዱን ሳምንት። እጮኛውንም በሐሰት መጠቆሟን አልደበቀችም። በየትኛው አንቀጽ እንደምትከሰስ የሚያውቀው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እሷም አልጠየቀችም። ፈረመች።

«ለእሱ ማን ይነግረዋል?» አለች።

«እኔ ልነግረው እችላለሁ።»

«አይ፣ እኔው ልንገረው» አለች፤ ግን አልተነሳችም።

ቀያሹ እንዲፈታ የታዘዘበት ወረቀት ከደረሰ ቆይቷል። ሰውየው ጢሙ አድጎ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ ከኮሪደሩ ብቅ አለ። ማን እንደጠቆመው አያውቅም። ልብስ ሰፊዋን አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያያት ፊቱ ተለወጠና መጥቶ አቀፋት። አለቀሰ፤ ቀድሞ ያለቀሰ አይመስልም ነበር።

«አይዞሽ እህቴ» አላት። «እኔ ጥያት ስቀር አንቺ አስታመምሻት። አንቺ ባትኖሪ ምን ትሆን ነበር?»

መርማሪው ከበሩ ራቅ አለ። ልብስ ሰፊዋ የሰውየውን ክንዶች ቀስ ብላ ከትከሻዋ ላይ አወረደች።

«አልከሳችም ነበር» አለችው።