እማማ ታየች ያልፈረሙበት ወረቀት

ጋኑ የለም።

እሑድ ማለዳ፣ ረሆቮት ከተማ፣ ክፋር ግቢሮል ሰፈር መናፈሻ ውስጥ ያለው የጥንት የሸክላ መተኮሻ እቶን ባዶውን ቀረ። የፍርግርጉ በር ገርበብ ብሏል። ቁልፉ አልተሰበረም። ጋኑ የነበረበት ቦታ ላይ ክብ የአቧራ ምልክት ብቻ አለ።

እቶኑ የሺህ አምስት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው። ለፎቅ ቤት መሠረት ሲቆፈር ተገኘ፤ ፎቁ እንደሆነ አይቀርም፣ ስለዚህ እቶኑ ቦታ ለቀቀ። ቆርጠው፣ በክሬን አንሥተው፣ ከልጆች መጫወቻው አጠገብ አስቀመጡት። ከውስጡ ያገኙትን የወይን ጠጅ ጋንም መልሰው አቆሙበት። ሰሌዳም ተከሉለት። ከተማ እንዲህ ነው፤ ጥንቱንም ቢሆን ቤት ያስቀይረዋል።

እማማ ታየች በየማለዳው እዚያ ይመጣሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ጎንደር ገጠር ሳሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ እናታቸውም፣ አያታቸውም እንዲሁ። ዛሬም የገበያ ጋሪያቸውን አግዳሚ ወንበሩ ጋ አቆሙና ሰው የተሰበሰበበትን ሊያዩ ጠጋ አሉ። ሲመለሱ አንድ ጣት ተቀሰረባቸው።

«እሷ ናት» አለ ይሻይ። «በየቀኑ እጇን በፍርግርጉ ስትከት አይቻለሁ።»

ይሻይ እቶኑን የሚጠግንና የሚያጸዳ ባለሙያ ነው። ፖሊስ የጠራውም እሱ ነው። መርማሪው ኮቢ ጋሪውን ፈተሸ። ከሽንኩርቱ ሥር ሦስት ገል ወጣ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ሰው አልፈለገም።

ጣቢያ ሲደርሱ ኮቢ ባትኤልን ለትርጉም ጠራት። ባትኤል እዚሁ ረሆቮት ተወልዳ ያደገች ወጣት መርማሪ ናት። ኮቢ መርማሪነቷን የሚያስታውሰው ፋይል ሲከመርበት ነው፤ በሌላው ቀን አስተርጓሚ ናት። አንድ ወረቀት ሰጣት።

«እማማ ታየች» አለች። «እዚህ ላይ ከፈረሙ ፍርድ ቤት አይቀርቡም። ስድስት ወር መናፈሻው አይገቡም፣ በቃ። ቲኩ፣ ፋይልዎ፣ ይዘጋል።»

«ምን ብዬ ነው የምፈርመው?»

«ጋኑን አውጥቼ ሰብሬያለሁ ብለው።»

«እኔ ጋን ስሠራ ኖርኩ እንጂ ስሰብር አልኖርኩም።»

«ገሉ ጋሪዎ ውስጥ ተገኝቷል።»

«የከተተው ሰው ያውቃል። እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ?» ወረቀቱን በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ልጄ፣ አገር ቤት ቀን ሸክላዬን እየገዙ ማታ ቡዳ ናት ይሉኝ ነበር። ሰው በላች አሉኝ። ያኔ ዝም አልኩ፤ ልጆች ነበሩኝና ፈራሁ። አሁን ልጆቼ አድገዋል። አልፈርምም።»

«ምን አለች?» አለ ኮቢ በዕብራይስጥ።

«አልፈርምም አሉ።»

«መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ይላል» ብሎ ቡናውን ሊያመጣ ወጣ።

ባትኤል ወንበሯን ሳብ አደረገች። አሁን የምትጠይቀው ለራሷ ነው።

«እጅዎን ለምን ነበር የሚከቱት?»

«ላንኳኳው ነዋ።»

«ጋኑን?»

«ሸክላ ተራ ሄደሽ አታውቂም? ጋን ሳያንኳኩ አይገዛም። ደህናው ይጮኻል፣ የታመመው ይታፈናል። ይኼን በየማለዳው አንኳኳዋለሁ፤ ሰላምታዬ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእናቴ እጅ እንኳ አልወጣም። ከፋሲካ ወዲህ ግን ታፈነ።»

«ፋሲካ ላይ ምን ሆነ?»

«ይሻይ ላጽዳው ብሎ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን መለሰ። መልኩ ያው ነው። ጋኑ ግን ሌላ ነው።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለፈረደ፣ ለሾሜሩ፣ ለመናፈሻው ጥበቃ። ሳቀብኝ።»

ባትኤል ተነሥታ የማስረጃውን ከረጢት አመጣች። እማማ ታየች በላስቲኩ ላይ ገሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

«ስብራቱን እዪ። ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። በእንጨት የተተኮሰ ወፍራም ጋን ልቡ ይጠቁራል። ይኼ እንጨት አላየም፤ የኤሌክትሪክ እሳት ነው።»

የቁፋሮው ዘገባ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ጋኑ ሲወጣ ከከንፈሩ ትንሽ ተሸርፎ ነበር፤ ፎቶው ላይ የሽርፋቱ መሐል እንደ ከሰል ጠቁሯል። ባትኤል ገሉን ከፎቶው አጠገብ አስቀመጠች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እሷም አሮጊቷን ተጠራጥራ ነበር፤ አፈረች።

የፍርግርጉ ቁልፍ ሁለት ሰው እጅ ብቻ ነው። አንዱ ይሻይ ነው፤ ሌላው መናፈሻውን የሚጠብቀው ፈረደ። እሱን ቀድማ ጠየቀች።

«ጋሼ ፈረደ፣ ቁልፍዎ የት ነበር?»

«ኪሴ ውስጥ። እኔን ጠረጠርሽ?»

«ቁልፍ ያለውን ሁሉ እጠረጥራለሁ።»

«ቤሰደር፣ እሺ። ሰንበትን ልጄ ቤት ነበርኩ፣ አሽዶድ። ቤቱን ሙሉ ጠይቂ።»

«እማማ ታየች ጋኑ ተለውጧል ሲሉዎት ለማን አወሩ?»

ፈረደ አንገቱን አከከ። «ለይሻይ። እንዲስቅ ብዬ ነበር።»

«ሳቀ?»

«አልሳቀም። መቼ ነው የነገረችህ አለኝ። ይኼ የሆነው ሐሙስ ዕለት ነው። ሰኞ የቅርስ ተቆጣጣሪ መጥቶ ከጋኑ ናሙና ይወስዳል፣ ለማንም እንዳታወራ አለኝ።»

ባትኤል ወደ ኮቢ ሮጠች። የይሻይን ቤት ለመፈተሽ የዳኛ ፈቃድ ያስፈልጋል።

«በአንዲት አሮጊት ጆሮ ዳኛ ፊት ልቁም?» አለ ኮቢ።

«በገሉ ቁም። ጆሯቸውን ለኔ ተወው።»

ኮቢ ፎቶውን አየ። ገሉን አየ። መልሶ ፎቶውን አየ። ከዚያ ስልኩን አነሣ።

የይሻይ ቤት ከሄርዝል ጎዳና ገባ ብሎ ነው። ጓሮው ውስጥ የኤሌክትሪክ እቶን፣ ባልዲ ሙሉ ቀይ ገል። እውነተኛው ጋን ሳሎኑ መስኮት ሥር ቆሟል፤ ከሶፋው ፊት ለፊት።

«ልትሸጠው ነበር?» አለች ባትኤል።

ይሻይ ስድብ እንደሰማ ሰው አያት። «እሸጠዋለሁ? ዐሥራ አንድ ቀን በጉልበቴ ተንበርክኬ በብሩሽ ከአፈር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ የማንን ስም ጻፉ? አንድ ቀን መጥቶ ፎቶ የተነሣውን ሰውዬ።»

«አስመስለህ ሠርተህ ተካኸው። ናሙና ሊወሰድ ሲል ደግሞ የሠራኸውን ሰብረህ ገሉን ጋሪያቸው ውስጥ ከተትክ። እማማ ታየችስ ምን አደረጉህ?»

«ከሁሉም ሰው ያወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይፈርሙና ቤታቸው ይገባሉ ብዬ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ይፈርማሉ።»

«እንዲህ ዓይነት ሰዎች ማለት እነማን ነን?» አለች ባትኤል።

ይሻይ እጁን ዘረጋ፣ ታሰረ።

ከሰዓት በኋላ ኮቢ አዲስ ወረቀት ይዞ መጣ። «ጨርሰናል። ወደ ቤቷ ትሂድ በያት።»

እማማ ታየች አልተነሡም። «ምን ብሎ ነው የዘጋው?»

ባትኤል አነበበች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በማስረጃ እጥረት ይላል።»

«እና ማስረጃ ቢሞላ ሌባ ነኝ?»

ባትኤል ተረጎመች። ኮቢ ሰዓቱን አየ። «ልዩነት የለውም፤ የተለመደ ቅጽ ነው። በሁለቱም መንገድ ቤቷ ትገባለች።»

«ለእሱ ልዩነት የለውም» አሉ እማማ ታየች። «አገር ቤትም ቡዳነቴን ያየ ሰው አልነበረም። የለብሽም ያለኝ ሰው ግን አንድ አልነበረም። በዚያ ጥርጣሬ ውስጥ ነው ያረጀሁት። እዚህ አልደግመውም። እስኪጻፍልኝ እዚሁ ነኝ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ተደላደሉ። ባትኤል የሚሉትን ሁሉ ሳትቀንስ ተረጎመች። ከዚያ ሌላ ወንበር ጎትታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለ ኮቢ።

«እጠብቃለሁ።»

ኮቢ ሌላ ፋይል ገለጠ፣ ዘጋ። ስልክ ተደወለለት፣ አላነሣም። ሁለቱ ሴቶች ያዩታል። በመጨረሻ ወረቀቱን ቀደደና እንደገና ጻፈ። ማኅተም መታበት።

ባትኤል ተቀብላ በአማርኛ አነበበች፤ «ምንም ጥፋት ስለሌለባቸው ተዘግቷል።»

እማማ ታየች ዓይናቸው እንባ ሞላ። አልጠረጉትም።

«አሁን ደግሞ በዕብራይስጥ አንብቢው» አሉ። «እሱ ይስማ።»

ባትኤል ጮክ ብላ አነበበች። ኮቢ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ አንብባ እስክትጨርስ ቆሞ ሰማ።