ከጫካው ሚካኤል ገደል ሥር

መምህር ሀብተሥላሴ ከጫካው ሚካኤል ጀርባ ካለው ገደል ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ገደሉ ድንጋይ የወረወረበት ሰው ቤቱ ሄዶ ምሳውን በልቶ ተመልሶ ድምፁን የሚሰማበት ዓይነት ነው። ዛፎቹም ደመና ያበጥራሉ። እንዲህ ባለ ቦታ፣ ያውም በእሑድ፣ ሰው ሲገደል ተራራው ራሱ ሊቆጣ ይገባው ነበር። የተቆጣችው ግን ኢንስፔክተር አፀደ ናት።

ከቦንጋ እስከ ዋጫ ያለ ሌባ ስሟን በሕልሙ የሰማ እንደሆነ በማግስቱ የሰረቀውን ተሸክሞ ባለቤቱን ይፈልጋል። ያን ቀን ጭቃውን ሰንጥቃ ስትደርስ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ዋርካው ሥር በገመድ በተጠፈረ ሰው ላይ ነበር።

«ይኼ ማነው?»

«ገዳዩ ነዋ!» አለ ኮንስታብል አብዮት ደረቱን ነፍቶ። «አምባው ይባላል፣ እዚሁ ጫካ ቀፎ ሰቃይ ነው። የሟች አፍ ማር ማር ይላል፣ ሸሚዙ ላይ ማር አለ። ማሩ ደግሞ የአምባው ነው። አለቀ! ዛሬውኑ ቦንጋ ወስደን እናስረክበዋለን።»

«ሆቴል በልቶ የወጣን ሰው መኪና ቢገጨው፣ አንተ ወጥ ቤቷን ታስራለህ ማለት ነው?»

አብዮት ገመዱን ይበልጥ አጠበቀ። አምባው ግን ቀና አለ። ዓይኑ በንዴት ደም ለብሷል፤ እጆቹ በቀፎ ጢስ እስከ ክንዱ ድረስ ከሰል መስለዋል።

«ማሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ከነሰፈፉ ቆርጬ፣ በኮባ ቅጠል። ከዚያ ችቦዬን ይዤ ዛፌ ላይ ተመልሼ ወጣሁ። ጩኸት ሰምቼ ብወርድ ይኼ ሰውዬ ልጆቼ ፊት አሰረኝ። ነፍሰ ገዳይ ብሎ ጮኸብኝ!»

አፀደ ሳትመልስለት ገደሉ ሥር ወርዳ ሬሳውን አየች። በነጩ ሸሚዝ ደረት ላይ ሁለት መዳፎች በማር ታትመዋል፤ ጣቶቹ ወደ ላይ። ገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ ሣሩ በሁለት ሰው መቀመጫ ልክ ተኝቷል፤ በመካከሉ ባዶ የኮባ ቅጠል፣ በቅጠሉ ግራና ቀኝ አንዳንድ የታኘከ ሰፈፍ ተተፍቷል። ከዚያ ወደ ሟቹ ቤተሰብ ሄደች።

ቤተሰቡ ሚኒባስ ተከራይቶ ከቦንጋ የመጣው ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናትን በአንድ ቀን ሊጎበኝ ነው። የሚሌኒየሙ ዋዜማ ስለነበረ ያኔ ታሪክ ያላየ ሰው የኖረ አይመስለውም ነበር። ሐሳቡን ያመነጨው የሟች ታላቅ ወንድም፣ ነጋዴው ጋሽ ገብረሚካኤል ነው። እህታቸው ዝማሬና የሟች ሚስት ሠናይት ተከተሉ። የጫካው ሚካኤል የመጀመሪያው ነበር፤ የመጨረሻውም ሆነ።

ሠናይት አላለቀሰችም፤ ነደደች።

«ከባሌ ጋር መኪና ውስጥ ተጣልተናል፤ ይጻፉት! ቁርሱን በልቶ ስለመጣ ቅዳሴ አልገባም ብሎ ውጭ ቀረ። ‹ቤተ ክርስቲያን ልታይ መጥተህ እንደ ፍየል ዛፍ ሥር ልትቆም ነው?› አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ ይኼ ነው። ፍየል!»

«ከዚያ ከአጠገቤ አልተለየችም» አለች ዝማሬ። «እስከ መጨረሻው ትከሻ ለትከሻ ነበርን።»

«ታላቁ ወንድምሽስ?» አለች አፀደ።

«ወንዶች በግራ፣ እኛ በቀኝ። በየት በኩል አየዋለሁ?»

ገብረሚካኤል ነጠላውን አስተካክሎ ጠበቃት።

«በልጅነቴ ዲያቆን ነበርኩ! ቅዳሴ አቋርጦ መውጣት በእኔ ዘር አይታወቅም።»

«ከወንድምዎ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«የአባታችንን የቡና ጫካ ለሚመነጥር ኢንቨስተር እንስጥ አልኩ፣ እሱ አልፈርምም አለ። ይኼ ጠብ ነው እንዴ? ውይይት ነው!»

«ቁርስ በልተዋል?»

«እኔ? ከትናንት ማታ ጀምሮ እስከዚህ ሰዓት እህል ውኃ ባፌ አልዞረም! እሑድ እሑድ እንኳን እኔ፣ የቤቴ ድመት ቅዳሴ ሳይወጣ አትቀምስም።»

አፀደ ወደ ደብሩ አገልጋይ ቄስ ወልደ ማርያም ዞረች። «አባ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ለእነማን ሰጡ?»

«ሁለቱ ሴቶች ጠጥተዋል፣ ልጄ።»

ሌላ አልጠየቀችም። ሁሉንም ዋርካው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ አድጦት አልወደቀም። በሁለት እጅ ደረቱን ተገፍቷል፤ የራሱን ደረት እንዲያ አድርጎ የሚይዝ ሰው የለም። የገፋው እጅ ማር ነክቷል። አብዮት፣ የአምባውን መዳፍ አሳየን።»

አብዮት አነሣው። እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል።

«በዚህ እጅ ቢገፋው ሸሚዙ ጥላሸት በጥላሸት ይሆን ነበር። ያ ማር ግን ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ሟቹ ጎን ተቀምጦ፣ በሰላም ማር በልቶ፣ ሰፈፉን ተፍቶ የተነሣ ሰው ነው። ሠናይትና ዝማሬ አልተለያዩም። አባ፣ ጸበሉን ያምጡልን።»

ቄሱ ዋንጫውን ይዘው ዞሩ። ሠናይት ጠጣች፣ ዝማሬ ጠጣች። አምባው ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ በጠዋት ቆጮ በልቻለሁ። አልችልም።»

«ይኸው ፈራ!» አለ አብዮት።

«እውነቱን ተናገረ እንጂ መች ፈራ! አንገቱ ላይ ገመድ እያየ ያልዋሸ ሰው ነው።» ዋንጫው ገብረሚካኤል ፊት ቆመ። «እርስዎ አልበሉም። ይጠጡ።»

ገብረሚካኤል እጁን ዘረጋ። እጁ ግን ዋንጫው ጋ ሳይደርስ ቀረ።

«በጠዋትም ‹በኋላ› ብለህ አለፍከኝ» አሉ ቄሱ። «ዲያቆን ነበርኩ ያልክ ሰው፣ ገረመኝ።»

«ምን ይገርማል፣ አባ?» አለች አፀደ፤ አንቱታዋ እዚያው ላይ አለቀ። «ቅዳሴውን ጥለህ ወጣህ፣ ከወንድምህ ጋር በላህ፣ ገፋኸው፣ ተመልሰህ ቆምክ! ነፍስ ማጥፋት አላስፈራህም፤ በልቶ ጸበል መጠጣት ግን አስፈራህ!»

«ራሱ ነው ያጎረሰኝ!» ገብረሚካኤል ፈነዳ። «ፈርም ልለው ወጣሁ። ‹መጀመሪያ ይኼን ቅመስ› ብሎ ባፌ ከተተው፣ የቀረውን በእጄ አስያዘኝ። ‹እንዲህ ያለ ማር የሚሰጥ ጫካ ይቆረጣል?› ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ታላቁ! ሳቀብኝ!»

ሠናይት ተወርውራ ነጠላውን ጨምድዳ ያዘችው። «ባጎረሰህ! ባጎረሰህ!» ሦስት ሰው አላቅቋት ሲያበቃ ነጠላው ለሁለት ተተርትሮ ነበር። ገብረሚካኤል በካቴና ሄደ።

አብዮት የአምባውን ገመድ ፈትቶ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «በል ሂድ፣ ነፃ ነህ።»

አምባው አልተነቃነቀም። «ስታስረኝ አገር እስኪሰማ ጮኽክ። ስትፈታኝ ታንሾካሹካለህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ጩኽ።»

አብዮት ወደ አፀደ ተመለከተ።

«እኔን ምን ታየኛለህ? ሰውየውን ሰምተሃል!»

አብዮት ጉሮሮውን ጠረገ። «አምባው ንጹሕ ነው!» ዛፉ ላይ የነበሩ ጉሬዛዎች ቅርንጫፋቸውን ለቀው በረገጉ፤ ያደረበት ጤዛ ከዋርካው ላይ እንደ ዝናብ ወረደ።

«ጎረቤቶቼ ከወንዙ ማዶ ናቸው» አለ አምባው፣ የገመዱን ሰንበር እያሸ። «እንደገና።»