ከቀለሁ የመጣው ፉጨት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ስሰማ ሳቄ የሚመጣ ሰው ነበርኩ፣ ጂን ታየኝ ያለኝን ሁሉ «ፀሐይ መትታህ ነው፣ ውሃ ጠጣ» እያልኩ ነበር የምሸኘው፣ ዛሬ አንተም ብትስቅብኝ አልቀየምህም።

በወታደርነት ያገለገልኩበት ሠራዊት ተበትኖ ሱዳን ከገባሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኝ ነበር፣ ኦምዱርማን ሐጂ ዑስማን የሚባሉ ሽማግሌ ብረት ሥራ ቤት ተቀጥሬያለሁ። ሐጂ ከአያታቸው የወረሱት የአደን ጠመንጃ አላቸው፣ ጥይቱን የሚሠራ ፋብሪካ ከጠፋ ቆይቷል፣ እሳቸው ደግሞ አንዴ ሳይተኩሱበት መሞት አልፈለጉም፣ ስለዚህ የሌላ ጠመንጃ ረዘም ያለ ባዶ የጥይት ቀለህ አምጥተው «ይህን ለዚህኛው ልክ አድርግልኝ» አሉኝ። ቀለሆቹን ትሪ ላይ አቁመህ እስከ ግማሻቸው ውሃ ታደርግና አፋቸውን ብቻ በእሳት ታግላለህ፣ ናሱ ካልለሰለሰ ቅርጽ የሚያስይዘው ፎርማ ውስጥ ሲገባ ይሰነጠቃል።

እመነኝ፣ እጄ ሥራው ላይ ይሁን እንጂ ልቤ ዘይነብ ጋ ነበር። ዘይነብ ከወንዙ ማዶ ዐማራት በሚባል ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፣ አብሮኝ የዘመተው የጓደኛዬ የሰይድ ሚስት ነበረች፣ በሳምንቱ ኒካሕ ልናስር ነው። እሺ ያለችኝ «ሰይድን በእጄ ቀብሬዋለሁ» ስላልኳት ነው። አልቀበርኩትም። ተመትቶ ወድቆ ትቼው ስሸሽ ገና ይተነፍስ ነበር፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ያሳፍረኛል።

ሐጂ «ያላ ያ ሁሴን፣ ዙህር ደረሰ» ብለው ወደ መስጊድ ሲሄዱ «እከተልዎታለሁ» ብዬ ቀረሁ። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፣ ነፋስ የሚባል ነገር የለም። እሳቱን እንዳጠፋሁ ከትሪው ፉጨት ሰማሁ፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ጥበቃ ላይ ተራርቀን ስናድር ባዶ ቀለህ ከንፈራችን ላይ አድርገን የምንጠራራው እንዲህ ነበር፣ «አለሁ፣ አንተስ?» ማለት ነው፣ ከሰይድና ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

እናቴ ጠሪውን ሳታይ አቤት አትበል ትለኝ ነበር፣ እኔ ሞኙ ግን ያቃጥለኛል እንኳ ሳልል አንዱን ቀለህ አንስቼ መለስኩለት። ገና ከእሳት የወጣው ናስ ከንፈሬ ላይ እንደ በረዶ ቀዘቀዘኝ።

ጥዬው ወጣሁ። በአውቶቡስ ድልድዩን ተሻግሬ ዐማራት ሄድኩ፣ ወላሂ እውነቱን ልነግራት ቆርጬ ነበር። ዘይነብ በሩን ከፈተች፣ ዓይኗን ፊት ለፊት ከሚወጋት ፀሐይ በመዳፏ ከልላ ከትከሻዬ ባሻገር አየችና ፈገግ አለች።

«እንዴ ሁሴን፣ እንግዳ ይዘህ መጥተህ ዝም ትላለህ? ተፈደል፣ ግባ በለው እንጂ፣ በዚህ ሙቀት ውጭ ታቆመዋለህ?»

ዞሬ አላየሁም። «ማንም የለም» ብያት ገባሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ኒካሑ በሳምንቱ ታሰረ፣ ልጆችም ወልደናል፣ ስለ ሰይድ ዛሬም እውነቱን አልነገርኳትም፣ ያን ቀን በሩ ላይ ያየችው ሰው ምን ይመስል እንደነበር ደግሞ ደፍሬ ጠይቄያት አላውቅም።