አምስተኛው ሳህን

ታኅሣሥ ፲፭ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. በጄኔቭ ዳርቻ፣ ከሮን ወንዝ ወዲያ እንደ ግንብ በተዘረጋው፣ ለ ሊኞን በሚባለው የመኖሪያ ሕንፃ ላይ በረዶ ይወርድ ነበር። ንጉሡ ሳይወርዱ በአገር ግዛት ሚኒስቴር የመዝገብ ቤት ሹም የነበሩት፣ ዛሬ የሆቴል አንሶላ አጣቢ የሆኑት አቶ ሀብተሥላሴ፣ በስምንተኛው ፎቅ በራቸውን በሰንሰለት ዘግተው ኮቴ ያዳምጣሉ።

የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የባለቤታቸውን የወይዘሮ የሻረግን ድምፅ። ወይዘሮዋ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሊሻገሩ ከተነሡ ሁለት ወር አልፏል፤ አቶ ሀብተሥላሴ ስልክ ስለሌላቸው የፖላንዳውያን ጎረቤቶቻቸውን ቁጥር በመስከረም ልከውላቸው ነበር። ያኔ ጎረቤቶቹ ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ታዴኡሽ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሚስቱ ሃሊና ነርስ፣ አብረዋቸው የሚኖሩት ደግሞ አንዲት ባልቴት ልብስ ሰፊና አሁን ሳህን የሚያጥብ የታሪክ መምህር። ታኅሣሥ ፬ ቀን ግን በአገራቸው ወታደሩ አዋጅ አውጥቶ ታንኩን አደባባይ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የአቶ ሀብተሥላሴ ሆድ ሻከረ። የዋርሶ መንግሥት የደርግ ወዳጅ አይደለም እንዴ? ታዲያ ለባዕድ ስልክ የሚያውስ ሰው በጤናው ነው?

ከሰዓት በኋላ ሃሊና በሯ ላይ አግኝታ አስቁማቸው ነበር።

«አቶ ሀብተሥላሴ፣ ዛሬ ከእኛ ጋር ይራቱ፤ ሥጋ የለበትም።»

ጾመ ነቢያትን መያዛቸውን ለማንም አልተናገሩም። በትከሻዋ ላይ አሻግረው ገበታውን አዩ፤ ሰው አራት፣ ሳህን አምስት።

«አምስተኛው የማን ነው?»

«ስሙን የማናውቀው ሰው ነው፤ ምናልባት ይመጣል» አለች ፈገግ ብላ።

ጉድ እኮ ነው። ስሙ የማይነገር እንግዳ ማለት፣ እሳቸው በሸሹት አገር፣ ሰው የሚያስበላ ጆሮ ጠቢ ነው። አመስግነው ገቡና ሰንሰለቱን ሳቡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ።

«ስልክ ነው» አለች ሃሊና፤ «ሴት ናት፣ ከካርቱም።»

የካርቱምን ስም ለማንም አንሥተው አያውቁም ነበር። አታልለው ከቤት ሊያወጡኝ ነው አሉ በልባቸው።

«እያለቀሰች ነው፣ አቶ ሀብተሥላሴ።»

አልከፈቱም። ኮቴዋ ተመለሰ።

በማግስቱ በበሩ ሥር ወረቀት አገኙ። «መስመሩ እስኪቆረጥ አብሬያት ቆየሁ፤ ያለችውን እንደሰማሁት ጻፍሁ» ይላል። ከሥሩ፣ ትርጉሙን በማታውቅ እጅ፣ አማርኛው በፈረንጅ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «ሀብትሽ፣ ደርሻለሁ። የት ነህ?»

በባዶ እግራቸው ሮጠው የፖላንዳውያኑን በር መቱ። ወረቀቱን እንደ ጨበጡ፣ ሳህኑ የማን እንደነበረ ዳግመኛ ጠየቁ። የመለሱላቸው ባልቴቷ ናቸው።

«ትናንት በእኛ አቆጣጠር የልደት ዋዜማ ነበር፤ በዚያ ምሽት ሥጋ አይበላም፤ ላልተጠበቀ መንገደኛም አንድ ሳህን ይቀመጣል። እርስዎ እንዲቀመጡበት ነበር የፈለግነው።»

ስልኩ ከዚያ በኋላ ለእሳቸው አልጮኸም፤ ወይዘሮ የሻረግም የት እንደወደቁ የነገራቸው የለም። የዚያን ዓመት ታሪክ የጻፉ ሰዎች አዋጁን፣ ታንኩንና እስረኛውን መዝግበዋል፤ አንዲት ነርስ ቋንቋዋን ከማታውቀው ሴት ጋር ስልክ ይዛ የቆመችበት ጥቂት ደቂቃ ግን በየትም አልሰፈረም። አቶ ሀብተሥላሴ እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ ታኅሣሥ ፲፭ ቀን ሁለት ሳህን ያቀርቡ ነበር፤ በሩንም አይዘጉም ነበር።