የድንበሩ ድንጋይ

ድንጋዩ የለም።

ጡረተኛዋ አዋላጅ በማለዳ ከሽቦ አጥሯ ሥር ቆማ ባዶውን መሬት ታያለች። አባቷ የተከሉት የድንበር ድንጋይ ትናንት ማታ እዚሁ ነበር።

ጎረቤቷ የመኖሪያ ፎቅ እንዲሠራ ፈቃድ አግኝቷል። እሷ ደግሞ ሕንፃው ድንበሬን ይጠጋል፣ ፈቃዱ ይሻርልኝ ብላ ከሳለች። ከሰዓት በኋላ ዳኛው ቦታውን ሊያዩ ይመጣሉ። ድንበሩን የሚያሳየው ያ ድንጋይ ብቻ ነው።

ሳጅኑ ተጠርቶ መጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ነው፤ የገዛ ጥላውንም መታወቂያ ሳይጠይቅ አያሳልፍም። ሰፈሩ «ባለፎቁ» የሚለውን ጎረቤት አስጠርቶ አፋጠጠው። ሰውየው ላቡን እየጠረገ ማለ ተገዘተ። የባለፎቁ ዘበኛም ማንም ወደ አጥሩ አልተጠጋም አለ። ሳጅኑ አንዳቸውንም አላመነም።

ግን ትናንት ሲዘንብ ውሎ የባለፎቁ ግቢ ጭቃ ሆኗል። በዚያ በኩል አንድም ዱካ የለም። የሴትዮዋ ግቢ ደግሞ ንጣፍ ነው፤ ዱካ አይዝም። ሌባው ከውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን ሲያስብ ሳጅኑን ቅር አለው።

ተንበርክኮ አፈሩን ዳበሰ። ድንጋዩ የነበረበት ጉድጓድ ተሞልቷል፤ ውሃ ጠጥቶ ተጠቅጥቋል፤ ላዩም እንደ ወለል ተስተካክሏል። የቸኮለ ሌባ እንዲህ አይለፋም።

«ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» ሲል ጠየቃት።

ከታናሽ ወንድሟ ጋር እንደምትኖር ነገረችው። ግንበኛ ነበር፤ ጉልበቱ ሲደክም እሷ ዘንድ ገባ። አጥሩን ተጠግታ የቆመችው ክፍል የእሱ ናት። ይህን ብላ ወደ ወንድሟ በር ዞረች። ገብቷታል።

ከክፍሉ በር ሥር ደረጃ የሆነ ድንጋይ አለ። ሳጅኑ ረገጠው፤ ፍንክች አላለም። ግንበኛው በሩን ከፍቶ ብቅ አለ።

«ይህ ደረጃ መቼ ተሠራ?»

«ቆይቷል» አለ ግንበኛው።

«ታዲያ ጎኑ ላይ ያለው አፈር እስካሁን ለምን አልደረቀም?»

ግንበኛው ጎንበስ ብሎ እርጥቡን አፈር በመዳፉ ጠረገ።

«ጉድጓዱንስ ለምን ጠቀጠቁት?»

«ሰው ይወድቅበታል ብዬ።»

«ድንጋዩን አርቀው ቢጥሉት ኖሮ ማን ያገኘው ነበር?»

«የአባቴ እጅ ያረፈበትን?» አለ፤ ወዲያው ራሱን አቀረቀረ።

ከዚያ ወዲያ አልደበቀም። ባለፎቁ ድንጋዩን ካጠፋህልኝ ከፎቁ ምድር ቤት አንዱን ክፍል እሰጥሃለሁ ብሎት ነበር።

«በዚህ ዕድሜዬ የእህቴን በር አንኳኳለሁ» አለ። «የራሴ ቁልፍ እንዲኖረኝ ፈለግሁ።»

አዋላጇ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ለፎቁ መሠረት ሲቆፍሩ መጀመሪያ የሚናደው የማን ግድግዳ ነው?» አለችው።

ግንበኛው አጥሩን ተጠግቶ የቆመውን ግድግዳውን አየ። ይህን ለማወቅ ሌላ ግንበኛ አያስፈልገውም።

«የኔ።»

«ታዲያ ፍርድ ቤት የተመላለስኩት ለማን መሰለህ?»

ሽማግሌው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለካ አንድ ቀን እንኳ አልነገረችውም፤ እሱም ጠይቋት አያውቅም። ሳጅኑ ባለፎቁ እንዲያዝ፣ ጉድጓዱም ለዳኛው እንዲከፈት አዘዘ። ከዚያ ግንበኛውን ወደ ጣቢያ ሊወስደው አስነሳው።

አዋላጇ የውጪውን በር ቁልፍ ከቀበቶዋ ፈትታ በወንድሟ መዳፍ ላይ አኖረች።

«ሂድና ቃልህን ስጥ» አለችው። «ስትመለስ እንዳታንኳኳ።»