የጋሽ አጥናፉ ቁንጥር

በደብረ ጥላ ጥይት ሰው አይገድልም፤ ሰው ያንጠለጥላል። ጣቢያዋ የተሠራችው በጨረቃ ደቡብ ዋልታ፣ ፀሐይ ገብታበት በማታውቅ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከገደሉ ሥር በረዶ አለ፤ አራት መቶ ሰው የሚጠጣው ውሃ ከዚያ ይወጣል። ወራጆቹ ሲወርዱ ቸንካሪ የሚሉትን አጭር ጠመንጃ ይይዛሉ፤ ቸንካሪ በባሩድ ኃይል የብረት ችካል ዓለት ውስጥ የሚሰካ መሣሪያ ነው። ችካሉ ላይ ገመድ ይታሰራል፣ ገመዱ ላይ ሰው። ባትሪ በዚያ ብርድ ግማሽ ሰዓት አይቆይም። ባሩድ ግን ለመቃጠል የሚያስፈልገውን ሁሉ በራሱ ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ ብርዱም ባዶውም ግድ አይሰጠውም። የሰው ልጅ ጨረቃ ድረስ ተጉዞ መጥቶ ተቀምጦ ቀለህ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለሁ ከምድር የሚመጣ ናስ ስለሆነ አይጣልም። ተተኩሶ ሲመለስ ይጸዳል፣ እሳት መጫሪያው ይቀየራል፣ 2.60 ግራም ባሩድ ይገባበታል፣ ይታሸጋል። ባሩዱ ካነሰ ችካሉ ሳይጠልቅ ይቀርና ሰው ይወድቃል። ከበዛ ደግሞ ቸንካሪው እጅ ላይ ይፈነዳል። ባለፈው ሳምንት ጉደታ በሚባል ወራጅ እጅ ላይ ፈነዳ። ጓንቱ ቀዳዳውን በራሱ ባይደፍን ኖሮ በሁለት ጣት ብቻ አይገላገልም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የወረደ ሰው የለም። በጋኖቹ ውስጥ የቀረው ውሃ የስድስት ቀን ነው። የሚዛን መርማሪዋ ዘርፌ ወደ ባሩድ ክፍል የተላከችው ለዚህ ነው። ሥራዋ በወረቀት ሲታይ ቀላል ነበር፦ ከሦስት ሚዛኖች አንዱን መርጣ መፈረም። የተመረጠው ሚዛን ከምድር የሚታዘዝበት የጭነት መርከቡ ዝርዝር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዐሥር ሰዓት ላይ ደግሞ የመጀመሪያዋ ወራጅ በተመረጠው ሚዛን የተሞላ ጥይት ይዛ ትወርዳለች። ወራጇ ምንታምር ናት፣ የዘርፌ ታናሽ እህት። ተራው ደርሷት እንጂ ማንም መርጦ አልላካትም፤ ዘርፌም ስሟን ዝርዝሩ ላይ ካየች በኋላ ምሳዋን አልበላችም።

ሦስቱ ሚዛኖች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ቀጭንና ቀላል ነው፤ ዘርፌ የሁለት ግራሟን የመፈተኛ ክብደት አሥር ጊዜ ብታስቀምጥበት አራት ዓይነት መልስ ሰጣት። የአየር ማውጫው ሲነፍስ እንኳ ቁጥሩ ይቅበዘበዛል። ወዲያው አነሳችውና ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሁለተኛው በክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራው ለማጅ ሚዛን ነው። ለማጅ ያሉት የሚመዝንበትን ሰው እጅ ስለሚያጠና ነው፤ የእጅ መንቀጥቀጡን፣ ትንፋሹን፣ የጠረጴዛውን ንዝረት ለይቶ ያወጣና ንጹሑን ክብደት ብቻ ያሳያል። አሥር ጊዜ ተፈተነ፣ አሥር ጊዜ ልክ ሆነ። ሦስተኛው ጓዙ የከበደ፣ ምንም የማያስታውስ ደረቅ ሚዛን ነው። ሳይሞቅ አይሠራም፤ ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ክዳኑ ካልተዘጋ ቁጥር አይሰጥም፣ በየአሥሩ ቀለህ በመፈተኛው ክብደት ካልታረመም ይነጫነጫል። እሱም አሥሩንም ልክ ነበር፣ ግን ሰው ያስረጃል።

የጣቢያው ኃላፊ በግድግዳው ድምፅ ማጉያ መጣ።

«ወይዘሮ ዘርፌ፣ ለማጁ ደህና ነው አይደል? አዲሱን ሞዴል እናዝና እንገላገል። ጥፋቱ የሰውዬው ነው፤ መዝገቡን እያበላሸ ነበር ማለት ነው።»

«ገና ነኝ» አለች ዘርፌ።

ሰውዬው የተባሉት ጋሽ አጥናፉ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የደብረ ጥላን ቀለህ የሞሉት እሳቸው ነበሩ፤ በእሳቸው እጅ ያልተሞላ ጥይት ይዞ የወረደ ሰው የለም። አሁን ግን ክፍላቸው ተቀምጠው ፍርድ ይጠብቃሉ። በእሳቸው እጅ ከተሞሉት ያልተተኮሱ ሦስት ነበሩ። ዘርፌ ባሩዳቸውን አውጥታ በደረቁ መዘነችው፦ 2.67፣ 2.66፣ 2.69። በለማጁም ብትሞክር ያው ሆነ። መዝገቡ ግን ሁሉንም 2.60 ይላቸዋል፤ መዝገቡን የሚጽፈው ደግሞ ሰው ሳይሆን ሚዛኑ ራሱ ነው። ሚዛኑ ካልዋሸ፣ ሽማግሌው ዋሽተዋል። ዘርፌ ይህን ለማመን አንጀቷ እምቢ አላትና አስጠራቻቸው።

ጋሽ አጥናፉ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የከሱ መሰላት።

«ልትከሺኝ ነው ልጄ?»

«የለም ጋሼ። አንዲት ቀለህ ይሙሉልኝ፤ እንደ ወትሮዎ።»

ተቀመጡ። ባሩዱን በማንኪያ እያንጠባጠቡ ለማጁ ሚዛን ላይ አፈሰሱ። 2.40፣ 2.55፣ 2.60። እጃቸው ቆመ። ከዚያ እንደ ዋዛ በሁለት ጣታቸው ከባሩዱ ሣጥን ቁንጥር አደረጉና ሳህኑ ላይ ጣል አደረጉ። ዘርፌ ቁጥሩን አየች። 2.60። ዓይኗን አሽታ ደግማ አየች፤ ንቅንቅ አላለም።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«የቷ?»

«አሁን የጨመሯት።»

«ይቺማ ምርቃት ናት» አሉ፤ መጠየቁ ራሱ ገርሟቸው። «እናቴ ዱርቤቴ ገበያ በርበሬ ትሸጥ ነበር። ሚዛኑ እኩል ቢልም ባይልም እጇ ወደ ጆንያው ሳይመለስ ሰው አትሸኝም። እኔስ ገደል የሚወርድ ልጅ እንዴት በልክ ብቻ ልሸኝ? ደግሞ ምንም አትመዝንም፤ አየሽው አይደል፣ ቁጥሩ አይነቃነቅም።»

ዘርፌ ሳህኑን በጥንቃቄ አንስታ ባሩዱን በደረቁ ሚዛን ላይ ገለበጠችው። ክዳኑን ዘጋች። ሚዛኑ እንደ ልማዱ ጊዜውን ወሰደ። 2.67።

ጋሽ አጥናፉ ቁጥሩን አዩ፤ እሷን አዩ፤ እንደገና ቁጥሩን አዩ።

የለማጁን የልማድ መዝገብ ከፈተችው፤ ሚዛኑ ስለ ተጠቃሚው እጅ የተማረውን የሚያሰፍርበት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቁንጥሯ ስትወድቅ ቁጥሩ 2.61 ይል ነበር፤ ሽማግሌውም «ይለፍ» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ ነበር። አንድ ጊዜ፣ መቶ ጊዜ፣ ሦስት መቶ ጊዜ። በሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ሚዛኑ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ከልኩ በኋላ የምትጨመረው የእጅ ልማድ ናት፤ ጭነት አይደለችም።» ከዚያ ወዲያ ቁንጥሯን እንደ ትንፋሽ ቆጥሮ ማውጣት ጀመረ። ቁጥሩ ዝም ሲላቸው ደግሞ ቁንጥሯ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ደለበች። ዘርፌ የመፈተኛውንም ክብደት የወጣውንም ባሩድ ያለ ጭማሪ በአንድ ጊዜ ስለምታስቀምጠው ለእሷ ልክ ነበር። ለጋሽ አጥናፉ ብቻ ነበር የሚያደላላቸው፤ ያውም ደስ እንዲላቸው ብሎ።

«እንግዲያ ያንን ልጅ ያቆሰልኩት እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ጉደታን። ሲወርድ ‹ጋሼ፣ የእርስዎ ጥይት ሲተኮስ ልብ ይሞላል› ይለኝ ነበር እኮ። ልብ ይሞላል ይለኝ ነበር!» ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። ዘርፌ ትከሻቸው ላይ እጇን አኖረች።

ኃላፊው በድምፅ ማጉያው ተመልሶ መጣ። ሁሉንም ነገረችው። «አዲሱ ሞዴል ላይ ልማዱን እንዳይማር ማዘዝ ይቻላል» አለ።

«ማን ያዘዋል?»

«እኛው ነና።»

«እኛማ ‹ይለፍ› የምንጫን ነን» አለች ዘርፌ። «ደረቁን እዘዝ። ስሜን ጻፍበት። መርከቡ እስኪያመጣ በዚህኛው እንሞላለን።»

ጋሽ አጥናፉ ተነስተው ወደ በሩ ሄዱ፤ ከዚያ ዞር አሉ። «እኔ አልሞላም» አሉ። «አትከልክይኝ ብዬ ልለምንሽ ነበር። ግን ይሄን ሁሉ ሰምቼም፣ አሁን ያንን ሳህን ሳየው እጄ ይበላኛል። እኔ እጄን አላምነውም፤ አንቺ ሙዪ።» ወጡ።

ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ምንታምር የወራጅ ልብሷን እስከ አንገቷ ለብሳ መጣች።

«እትዬ፣ አሥራ ሁለቱ ጥይቶቼ ደረሱ?»

«አሥራ አንዱ ታሽገዋል። ተቀመጪ።»

«ይሄ ሚዛንሽ ሰው አያስዛጋም እንዴ? ውሃው ሳያልቅ ይደርሳል ብለሽ ነው?»

«አፍሽን ዝጊ፣ እየተነፈስሽበት ነው።»

ምንታምር ሳቀችና አፏን በጓንቷ ያዘች። ዘርፌ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለች። ትዝ አላት፦ እናታቸው ሲሞቱ ምንታምር ሰባት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሷ ሳህን እየቀነሰች ስትጨምርላት ያደገችው ዘርፌ ናት። አንድም ቀን እኩል ሰጥታት አታውቅም። 2.55። 2.58። 2.60። ክዳኑን ከፈተች፤ ሳህኑን ልታነሳ።

እጇ ግን ወደ ሣጥኑ ሄዶ ተመልሶ ነበር።

መቼ እንደሄደ አላወቀችም። ክዳኑን ስትዘጋው ሚዛኑ አስቦበት 2.64 አለ። ጠበቀችው። 2.64። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ልብ ሲያጠና የኖረው ለማጁ ሚዛን ቢሆን ኖሮ ገብቶት ዝም ይላት ነበር። ደረቁ ግን ዘርፌን አያውቃትም፣ ምንታምርንም አያውቃትም፣ ማንም ማንን እንደሚወድ አያውቅም። ዘርፌ ፊቷ ጋለ። ለማጁን ሚዛን ያበላሸው ክፋት ቢሆን ኖሮ ክፉውን ሰው አስወጥቶ መገላገል ይቻል ነበር፤ ይህኛውን ግን ከማን እጅ አስወጥተው ይዘልቁታል?

«ምነው እትዬ? ችግር አለ?»

«የለም።»

መቆንጠጫዋን አነሳች። የባሩዱን ቅንጣት አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ ሣጥኑ መለሰች። 2.63። 2.62። እያንዳንዷን ስታነሳ ከእህቷ አፍ የምትነጥቅ መስሎ ተሰማት፤ እንባዋም መጣ፣ ሳህኑ ላይ እንዳይወድቅ ቀና አለች። 2.61። ምንታምር እስትንፋሷን ይዛ ታያታለች።

2.60።

ቀለሁን አሽጋ በእህቷ መዳፍ ላይ አኖረችው፤ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፈችላት። ከዚያ እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራ ይዛ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ቆመች።