በጠርሙሱ ውስጥ ያልሞቱት

«ሀሴትዬ፣ ያ ዱቄትሽ ነቀዙን በስንት ቀን ነበር የጨረሰው?»

አባቷ ምሕረቱ በስልክ ሲጠይቃት፣ ሀሴት ዓይኗን ከመስኮቱ ሥር ከተደረደሩት ጠርሙሶች ላይ አልነቀለችም። በውስጣቸው ባለው በቆሎ መሃል አዲስ የተፈለፈለ ነቀዝ ሽር ብትን ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሳይንስ አስተማሪዋ ለትምህርት ቤቱ ውድድር የሰጠቻት ዱቄት ባክቴሪያ አለበት። ሰውን አይጎዳም፤ የበላው ትል ግን ሆዱ ታሞ ይሞታል። እውነትም በቆሎው ውስጥ የነበሩት የብል ትሎች አለቁ። ጠንካራዎቹ ነቀዞች ግን ምንም አልሆኑም። ሀሴት ውድድሩ እንዳያመልጣት ብላ በሕይወት ያሉትን አንድ በአንድ ለቅማ ጣለችና፣ ደብተሯ ላይ «በአራት ቀን ሁሉም ሞተዋል» ብላ ጻፈች። ለአባቷም እንደዚያው ነገረችው። እሱ ምስኪን፣ አምኗት ዱቄቱን አስመጣና፣ ከሸሪኩ ከዱካሞ ጋር ሶዌቶ በያዙት፣ ስፓዛ በሚሏት የሰፈር ሱቅ ያለውን የጆንያ እህል ሁሉ በዱቄቱ አሸ። ሎክዳውን ከገባ ወዲህ የቀራቸው እህል ያ ብቻ ነበር።

«አሁን አሥራ ሁለት ቀኑ እኮ ነው» አለ ምሕረቱ በሳል መሃል። «ጆንያው ውስጥ እጅሽን ብትከቺ ይርመሰመሳል። ደንበኛው እየመለሰብን ነው። ዱካሞ ተናዶ ከመንገድ ላይ የነቀዝ ኪኒን ገዝቷል፤ ዛሬ ከሰዓት ይዞት ይመጣል። የአንቺ ይሠራል ካልሽኝ ግን፣ ትንሽ ታገስ እለዋለሁ።»

ሀሴት ኪኒኑን ታውቀዋለች፤ እህል ውስጥ ሲገባ መርዘኛ ጋዝ ይተፋል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ስዩም ኪኒን ከገባበት እህል ጋር አንድ ክፍል ተኝቶ ሳይነሳ ቀርቷል። አባቷም የሚያድረው እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ከጆንያዎቹ አጠገብ ነው። ኮሮና ከያዘው ስድስት ቀኑ ነው፤ በሽታው እንዳይጋባባቸው ብሎ ቤት አልመጣም።

«ይሠራል» ብትለው ለዛሬ ኪኒኑ ይቀራል። ነገስ? ዱካሞ ስንት ቀን ይታገሣል? ነቀዙ እስካልሞተ ድረስ ኪኒኑ መምጣቱ አይቀርም።

«አባዬ… ዋሽቼህ ነው። ነቀዙ አልሞተም። ለቅሜ ነው የጣልኩት።»



«እሺ» አለ ምሕረቱ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። «እንግዲያው ኪኒኑ ይግባ።»

«አንተስ የት ልትሆን?»

«እዚሁ ነኛ! ክፉ ሽታ አለው፣ ከሸተተህ ውጣ ብሎኛል ዱካሞ።»

«አባዬ! ትናንት ላምባና ዳቦ በሽታ መለየት አቃተኝ አላልከኝም?»

«ለዱካሞ እንዳትነግሪው! ጉንፋን ነው ብዬዋለሁ። ኮሮና መሆኑን ከሰማ ሱቁን ጥሎብኝ ይሄዳል። ያኔ ምን እንበላለን? በእናትሽ ሞት!» ስልኩን ዘጋው።

ሀሴት የዱካሞን ቁጥር ፈለገች። ደወለችለት።

«ኤይታ፣ ሳይንቲስቷ!» አላት ዱካሞ በሶዌቶ ሰላምታ፤ ከኋላው የታክሲው ሙዚቃ ይጮኻል። «ዱቄትሽ ነቀዙን አደለበው እኮ!»

«ጋሼ ዱካሞ፣ ኪኒኑን እንዳያስገቡ። አባዬ ኮሮና ይዞታል። ምንም አይሸተውም።»



«ትናንት ከአንድ ሳህን በልተናል» አለ ዱካሞ ቀስ ብሎ። ከዚያ ድምፁ ተቀየረ። «ልጆች አሉኝ እኮ! ሾፌር፣ እዚህ ጋ አውርደኝ!» የታክሲው በር ሲከፈት ተሰማት። «ኪኒኑ ከእኔ ጋር ይቀራል። እኔ ግን ከእንግዲህ እዚያ ሱቅ አልደርስም። ለአባትሽ ንገሪው።»

ሀሴት ስልኩን አስቀመጠች። ፍራሿን ከክፍሏ እየጎተተች አውጥታ ሳሎኑ ወለል ላይ ጣለችው። ወደ ክፍሏ ተመልሳ ጠርሙሶቹን አነሳችና መስኮቱን እስከ ጥጉ ከፈተች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች እናቷ በለጥሽ፣ ከኩሽና ብቅ ብላ።

«ክፍሌን ለአባዬ እየለቀቅኩ ነው።»

በለጥሽ አንድ ጊዜ ፍራሹን፣ አንድ ጊዜ ልጇን አየች። ከዚያ ንጹሕ አንሶላ ልታመጣ ገባች።

ሀሴት ወደ ቤት እንዲመጣ ልትነግረው ለአባቷ ደወለች። ምሕረቱ አላነሳም። ደግማ ደወለች።